ስልሳ ስምንት ቁጥር ዘይት

ቡራዩ፣ ከአምቦ መንገድ ዳር፣ የመኪናና የማሽነሪ ዘይት በሚሸጥ ሱቅ ውስጥ ነው የምሠራው። ደንበኛ ገብቶ «ስልሳ ስምንት አለ?» ሲል እኔ «ለምንድን ነው?» ብዬ እጠይቃለሁ። ሰው ይህን ጥያቄ አይወደውም። «አለ ወይስ የለም?» ብሎ የሚያፈጥብኝ አለ። አንድ የገልባጭ ሾፌርማ «ልጠጣው ነው!» ብሎኝ ወጥቷል። አሠሪዬም ገበያ ታባርራለህ እያለ ይነጫነጭብኛል። ቢሆንም ሳልጠይቅ አንድ ባልዲ አላስወጣም። «ለትራክተር ነው» ካሉኝ ባልዲውን አዙሬ ከጀርባው ያለውን ደቃቅ ጽሑፍ ጮክ ብዬ አነብላቸዋለሁ፤ በአማርኛም በኦሮምኛም አስረዳቸዋለሁ። ነካ ያደርገዋል ብለው የሚያሙኝ እንዳሉ አውቃለሁ። ይበሉኝ።

ስልሳ ስምንት የሃይድሮሊክ ዘይት የውፍረት ቁጥር ነው። በእኛ አካባቢ ዘይት የሚገዛው በቁጥር ነው። ዘይትን የተማርነው ከድንጋይ ካባና ከአሸዋ ሥራ ስለሆነ ይመስለኛል፤ ሎደሩ ክንዱን ካነሳ፣ ገልባጩ ከገለበጠ ዘይቱ ጥሩ ነው፣ ሌላ ጥያቄ የለም። ቁጥሩ ልክ ከሆነ ሁሉም ልክ ነው ብለን እናምናለን። እኔም አምን ነበር። እንዲያውም ከሁሉም የበለጠ የማውቅ እየመሰለኝ፣ ደረቴን ነፍቼ ነበር የማምነው።

ቤተሰቦቼ የሱሉልታ ገበሬዎች ናቸው። ቤታችን ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ፣ ከተራራው ግርጌ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ነው፤ ወደ አስፋልቱ ለመውረድ አንድ ረጅም ቁልቁለት አለ። ቤት ውስጥ አማርኛውም ኦሮምኛውም በአንድ ዓረፍተ ነገር ተቀላቅሎ ይነገራል። ልጆቹ ሁለት ወንድማማቾች ብቻ ነን። ታናሼ በስሜ ጠርቶኝ አያውቅም፤ «ኦቦ» ነው የሚለኝ፤ ታላቅ ወንድም በእኛ ቤት እንዲህ ነው የሚጠራው። እኔ ተምሬ ከተማ ቀረሁ፣ እሱ ከአባታችን ጋር መሬቱ ላይ ቀረ። ማን እድለኛ እንደሆነ በልጅነታችን ብዙ ጊዜ ተከራክረንበታል።

አባባ ለዓመታት ያሳደጉትን ባሕር ዛፍ ሸጠው ነው ትራክተሩን የገዙት። አሮጌ ነበር፤ ቀይ ቀለሙ በፀሐይ ብዛት ወደ ብርቱካንማ ሄዷል። የመጣ ቀን ሦስት ጊዜ ዞሩት፤ በሬ ሲገዙ እንደሚያደርጉት ጎኑን መታ መታ አደረጉት። ከዚያ ከኋላ ጎማው በላይ ባለው ፓራፋንጎ ላይ ወጥተው ተቀመጡ። የእሳቸው ቦታ ከዚያ ቀን ጀምሮ ያ ሆነ። በእኛ አካባቢ እንዲህ ነው፤ ሾፌሩ ወንበሩ ላይ ይቀመጣል፣ ባለቤቱ ፓራፋንጎው ላይ። እዚያ ላይ ሆኖ በመንደር ማለፍ ሰው በልፋቱ የደረሰበትን የሚያሳይበት ነው። አባባ የበግ አጎዛ አጥፈው አነጠፉበት፤ አንድ እጃቸውን ከወንድሜ ወንበር ጀርባ አድርገው፣ ሰላምታ ለሚሰጣቸው ሁሉ በሌላው እጃቸው ባርኔጣቸውን እያነሱ ይሄዳሉ። «አባባ፣ ይወድቃሉ» ስንላቸው «በቅሎ ላይ ያደግኩ ሰው ከብረት ላይ አልወድቅም» ይሉን ነበር። እማዬ ደጅ ቆማ «እዩልኝ ንጉሡን!» እያለች ትስቅባቸዋለች።

ስለ ትራክተር አንድ ነገር ልናገር፣ ያለዚያ ቀጥሎ የምለው አይገባም። ማርሹ የሚላወስበት፣ ማረሻውን የሚያነሳው፣ የኋላ ፍሬኑ የተነከረበት ዘይት አንድ ነው። ሁሉም አንድ ሆድ ውስጥ ናቸው። የሎደር ሃይድሮሊክ ዘይት ግን የማንሳት ሥራ ብቻ ነው ያለበት፤ ፍሬን አያውቅም። ስለዚህ በቁጥር እኩል የሆኑ ሁለት ዘይቶች፣ አንዱ ለትራክተር ፍሬን የሚሆን ሌላው የማይሆን ሊሆኑ ይችላሉ። ይህን ዛሬ እንደ ውዳሴ ማርያም በቃሌ እወጣዋለሁ። ያን ጊዜ፣ ዘይት ሻጭ ሆኜ ስንት ዓመት ከኖርኩ በኋላ፣ አላውቅም ነበር።

ሰበታ አንድ ሽማግሌ የትራክተር መካኒክ አሉ። ወንድሜ እሳቸውን ያምናቸዋል። እሳቸው ደግሞ ትራክተሩን የሠራው ኩባንያ በራሱ ስም ከሚያወጣው ዘይት ሌላ አያስገቡም፤ በሠፈሩ አነጋገር «ኦሪጅናሉን»። በዚያ ዓመት ክረምቱ ወጥቶ የዘይት መቀየሪያው ሲደርስ ኦሪጅናሉ ከገበያ ጠፋ። ሰበታ አንድ ቦታ ብቻ ተገኘ፤ ዋጋውም ሰማይ ነክቷል። ወንድሜ ደወለልኝ።

«ኦቦ፣ አካም ጅርታ? ዘይቱ ሰበታ ተገኝቷል፣ ግን አይቀመስም። ምን ትላለህ?»

«እንዳትነካው» አልኩት።

ያለ ምክንያት አልነበረም። ከሱቃችን ጀርባ የኦሪጅናሉን ባዶ ጀሪካን የሚገዙ ሰዎች ይመጡ ነበር። ክዳኑ ያልተጎዳውን መርጠው ነበር የሚወስዱት። ባዶ ጀሪካን ክዳኑ ተመርጦ ለምን እንደሚፈለግ ለመገመት ሊቅ መሆን አያስፈልግም። ስለዚህ ስሙ ገናና የሆነ ነገር ግን ማን እንደሞላው የማይታወቅ ዘይት ከመግዛት፣ ስሙ ያልታወቀ ነገር ግን ማሸጊያው ያልተነካ ዘይት መግዛት ይሻላል አልኩ። ሽንጤን ገትሬ ተከራከርኩ። እውነት ለመናገር ይህን ነገር ዛሬም አልክድም።

በሱቃችን ስማቸው ያልታወቀ ሁለት ዓይነት ዘይቶች ነበሩ። አንዱ ሰማያዊ ባልዲ ነው፤ ፊቱ ላይ ስልሳ ስምንት የሚለው ቁጥር በትልቁ ተጽፏል፤ የካባ ሰዎች ይሻሙበታል። ሌላው ግራጫ ባልዲ ነው፤ ዋጋው ከሰማያዊው ትንሽ ከፍ ይላል፣ ከኦሪጅናሉ ግን በብዙ ይወርዳል። ጠያቂ ስላልነበረው ከታችኛው መደርደሪያ ላይ አቧራ ለብሶ ተቀምጧል። ዓመት ሙሉ አቧራውን ስጠርግ ጀርባውን አዙሬ አላየሁትም። ለአባቴ ትራክተር ሰማያዊውን መረጥኩ።

ወንድሜ ግን አልተዋጠለትም። «መካኒኩ ቁጥሩ ብቻ አይበቃም ይላሉ። መጽሐፉም ላይ ተጽፏል። ፎቶ አንስቼ ልላክልህ?»

«መጽሐፉን የጻፉት እኮ ዘይቱን የሚሸጡት ሰዎች ናቸው» አልኩት።

በዚህች አባባሌ በጣም ረካሁ። ለሁለት ሦስት ደንበኞችም ደግሜ ተናግሬያታለሁ፣ ስቀውልኛል። ወንድሜ ፎቶውን ልኮልኝ ነበር። አልከፈትኩትም።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሁለት ሰማያዊ ባልዲዎች በታክሲ ጭኜ ሱሉልታ ሄድኩ። ረዳቱ የሁለት ሰው ሒሳብ ካልከፈልክ ብሎ ተጨቃጨቀኝ። ቤት ስደርስ አባባ «የዘይት ዶክተራችን መጣ!» ብለው ተነሡ። ልጄ ከተማ ሆኖ ለትራክተሬ መድኃኒት አመጣልኝ ብለው ለጎረቤት ሁሉ ነግረዋል። ወንድሜ ከሥር ገብቶ አሮጌውን ዘይት አፍስሶ ቡሎኑን መለሰ፤ አባባ ቀና ብለው በሁለት እጃቸው ማጥለያውን ያዙልኝ፤ እኔ አዲሱን አንቆረቆርኩ። ሳንቆረቁር በጣቶቼ መሃል አሸት አሸት አድርጌ «ይኸው፣ የተጣራ ጠጅ!» አልኳቸው። እሳቸውም እንደኔ በጣታቸው ነክተው አሹት፤ ራሳቸውን ነቀነቁ።

ወንድሜ ቁጢጥ እንዳለ «ኦቦ፣ እርግጠኛ ነህ?» አለኝ።

ቱግ አልኩ። «እኔ ይህን ሥራ ስሠራ ስንት ዓመቴ ነው? አንተ በሬ ስትነዳ እኔ ዘይት ስሸጥ ነበር። በቃ፣ ቡሎኑን አጥብቅ!»

«ተወው፣ ኢልማ ኮ» አሉት አባባ፣ ልጄ ማለታቸው ነው። «ወንድምህ የሚያውቀውን ያውቃል።»

እሱም ቡሎኑን አጠበቀ። እጁን በጨርቅ ጠረገ። እማዬ ምሳ ቀርቧል ብላ ጠራችን፤ አራታችንም አንድ ትሪ ከበን በላን። እማዬ አጉርሳኛለች፤ የሩቅ ሰው ነህ ብላ ሁለት ጊዜ።

ሳምንት ሳይሞላ ደወለ። «ኦቦ፣ ፍሬኑ ይጮኻል» አለና ስልኩን ከጎማው አጠገብ አስጠግቶ አሰማኝ። እንደ ዛገ በር ሲጢጥ ይላል። «አዲስ ዘይት ነው፣ ይለምዳል» አልኩት። ሌላ ቀን ደወለ፤ «አሁን ደግሞ ሲረገጥ ይዘገያል፤ ሁለት ጊዜ ረግጬ ነው የሚይዝልኝ» አለ። ደንበኛ ቆሞ ይጠብቀኝ ነበር። «ፔዳሉን አስተካክለው» ብዬ ዘጋሁት። ለሦስተኛ ጊዜ ሲደውል ስሙን አይቼ አላነሳሁትም። መልሼ እደውላለሁ ብዬ ነበር፣ ረሳሁት።

ኅዳር ላይ የሱሉልታ ሜዳ ሣር ታጭዶ ድርቆሽ ይሆናል። የእኛም ታጭዶ ታስሮ ወደ አስፋልት የሚወርድበት ጊዜ ነበር። እኔ ሱቅ ነበርኩ፤ ጠዋት ነው። ጎረቤታችን ደወለና «ቶሎ ና» ብቻ አለኝ። ሱቁን ለአሠሪዬ ትቼ ሮጥኩ።

የሆነው ይህ ነው። ወንድሜ ድርቆሽ የሞላ ተሳቢ ጎትቶ ቁልቁለቱን ሲወርድ ፍሬኑ አልያዘለትም። ተሳቢው የራሱ ፍሬን የለውም፤ ከኋላ ገፋው። ከታች መንገዱ ላይ ሰውና ከብት ነበር። ወደ ግራ መልሶ ከመንገዱ ዳር ካለው የአፈር ግድግዳ ጋር አላተመው፤ ትራክተሩ ቆመ። አባባ ግን በዚያው በግራ በኩል ፓራፋንጎው ላይ ነበሩ። ሐኪም ቤት ሳይደርሱ አረፉ። ወንድሜ የግራ ክንዱ ተሰብሮ በቀኝ እጁ አቅፏቸው እንደነበር ሰዎች ነግረውኛል።

ድንኳን ተጣለ፣ ሀገሩ ሁሉ አለቀሰ። ለቅሶ ላይ ወሬ አይጠፋም፤ ከድንኳኑ ጀርባ «ቸኩሎ ነው»፣ «ስልክ እያወራ ነው»፣ «ቅሞ ነበር» ሲባል ጆሮዬ ሰማ። ወንድሜ ጫት በአፉ አዙሮ አያውቅም። ተነሥቼ አንድ ሰው ገሥጬ ዝም አሰኘሁ፤ ለወንድሜ የተከላከልኩለት ያን ቀን ብቻ ነው።

ከሰልስት በኋላ ወደ ሱቅ ተመለስኩ። ያን ቀን ማንም አልነበረም። ከታችኛው መደርደሪያ ግራጫውን ባልዲ ጎትቼ አዞርኩት። ጀርባው ላይ በእንግሊዝኛ፣ በደቃቁ፣ ለትራክተር ማርሽ፣ ለሃይድሮሊክ እና በዘይት ውስጥ ለሚሠራ ፍሬን ይሆናል የሚል ተጽፏል፤ ከሥሩም የመለኪያ ስሞች ተደርድረዋል። ሰማያዊውን አዞርኩ። የሃይድሮሊክ ዘይት ነው ይላል፤ ስለ ፍሬን አንድም ቃል የለም። ከዚያ ስልኬን አውጥቼ የወንድሜን ፎቶ ከፈትኩት። መጽሐፉ ላይ ያሉት የመለኪያ ስሞች ግራጫው ላይ ካሉት ጋር አንድ ናቸው። ኦሪጅናሉን እንኳ መግዛት አያስፈልገንም ነበር። ስሙ ያልታወቀው፣ ዋጋው ያልተወደደው፣ ልክ የሆነው ዘይት ከእግሬ ሥር ተቀምጦ ኖሯል። መሬቱ ላይ ቁጭ ብዬ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

ዘይቱ ብቻውን ነው ወይ ብሎ የሚከራከርልኝ ይኖራል። ጭነቱ ከባድ ነበር፤ ተሳቢው ፍሬን የለውም፤ ቁልቁለቱ ቁልቁለት ነው። ይህን ሁሉ ለራሴ ብዙ ጊዜ ነግሬዋለሁ። ግን ትራክተሩ ያንኑ ጭነት በዚያው ቁልቁለት ለዓመታት አውርዷል።

አርባው ወጥቶ ሰው ከበላ በኋላ ሽማግሌዎቹ ተሰበሰቡ። የአባቴ ታላቅ ወንድም፣ ማንም ቀና ብሎ የማይመልስላቸው ሰው፣ ወንድሜን ፊታቸው አስቆሙት። ክንዱ በጨርቅ እንደታሰረ ነው።

«ልጄ፣ ፍሬን ረግጠሃል?»

«ረግጫለሁ።»

«ታዲያ ብረቱ ለምን አልቆመም?»

ወንድሜ አንገቱን ቀና አድርጎ እኔን አየኝ።  እኔ ያን ጊዜ ግራጫውን ባልዲ አንብቤዋለሁ፤ መልሱን የማውቀው እኔ ነኝ። ጫማዬን አየሁ። ጫማዬ ላይ የደረቀ ጭቃ ነበር፤ እሱን በጣቴ መፈቅፈቅ ጀመርኩ። አጎቴ ጥቂት ጠበቁና «ወጣት ነው፤ ቸኩሏል። እግዚአብሔር ይቅር ይበለው፤ እኛም ይቅር ብለናል» አሉ። ሁሉም አሜን አሉ። እኔም አሜን አልኩ። ይቅርታው ፍርድ ነበር፤ አባቱን በችኮላ የገደለ ልጅ ተብሎ ተፈረደበት። እማዬ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ተነሥታ ወጣች። የተባለውን አምናለች።

ወንድሜ ከጥምቀት በኋላ ሱሉልታን ለቆ ዱከም ፋብሪካ ገባ። ትራክተሩ በላስቲክ ተሸፍኖ ደጅ ቀረ። እማዬ ብቻዋን ስለሆነች ቡራዩ ከእኔ ጋር መኖር ጀመረች፤ ከዕቃዋ መሃል የአባባን የበግ አጎዛ ይዛ መጥታለች። በዓል በመጣ ቁጥር ወንድሜ ይደውላል። እማዬ ከድምፁ ታውቀዋለች፤ ነጠላዋን አንሥታ ወደ ጓሮ ትወጣለች። «ተኝታለች» እለዋለሁ። «እሺ ኦቦ፣ ሰላም በልልኝ» ይላል። በፋሲካ ጠዋት፣ ሰው ሁሉ በሚፈስክበት ሰዓት፣ ተኝታለች እለዋለሁ፤ እሱም እሺ ይላል። ሁለት ዓመት እንዲህ ኖርን። እናቴ በእጇ የሠራችውን እየበላሁ፣ «አንተ ባትኖር ምን ይውጠኝ ነበር» እያለች እየመረቀችኝ፣ አፌ ተለጉሞ ኖርኩ። ልናገር እልና አንድ ቀን ልቆይ እላለሁ፤ ያ አንድ ቀን አያልቅም።

አንድ ቀን ከገፈርሳ በኩል አንድ ሽማግሌ ገበሬ ሱቅ መጡ። ስልሳ ስምንት ጠየቁኝ። «ለምንድን ነው፣ አባቴ?» አልኳቸው። ለትራክተር አሉኝ። ግራጫውን አውጥቼ እንደ ልማዴ ጀርባውን አነበብኩላቸው፤ ሰማያዊው ለምን እንደማይሆን ነገርኳቸው። ጆሯቸውን አስጠግተው አዳመጡኝ። «ጋለቶሚ፣ ልጄ» አሉኝ፣ አመሰግናለሁ ማለታቸው ነው። «የሚነዱት ልጆቼ ናቸው። አንተን ያሳደገ አባት የተባረከ ነው።»

ባልዲውን እስከ ታክሲው ተሸክሜላቸው ተመለስኩና ሱቁን ዘጋሁ። አሠሪዬ ምን ሆነሃል ብሎ ጮኸ። 

በማግስቱ ዱከም ሄድኩ። ወንድሜ የፋብሪካ ልብሱን እንደለበሰ፣ ከበሩ ፊት ለፊት ካለች ምግብ ቤት ውስጥ አገኘሁት። ከስቷል። የግራ ክንዱ በደንብ አይዘረጋም፤ ብርጭቆውን በቀኙ ነው የሚያነሳው። መንገዱን ሁሉ ሳዘጋጀው የመጣሁት ንግግር ጠፋኝ።

«ዘይቱ ነው» አልኩት። «እኔ ነኝ። አንብቤዋለሁ፣ ከሰልስቱ በኋላ ነው ያወቅኩት።»

«አውቃለሁ፣ ኦቦ» አለኝ።

የሰበታው መካኒክ ለለቅሶ መጥተው በዚያው ትራክተሩን አይተውት ኖሯል። ዘይቱን ቀድተው፣ አሽትተው፣ ማን እንዳስገባው ጠይቀውታል፤ ለፍሬን እንደማይሆንም ነግረውታል። ስለዚህ አርባው ላይ ሽማግሌዎቹ ፊት ቆሞ ሲያየኝ እሱም ያውቅ ነበር። እንድናገር ነበር የጠበቀኝ።

«ለምን አንተ አልተናገርክም?» አልኩት።

«ምን ብዬ? እማዬ ባሏን አጥታለች። አንዳችን ልንቀርላት ይገባ ነበር። አንተ ሥራ አለህ፣ ቤት አለህ፤ ከአንተ ጋር ብትኖር ይሻላታል። አብራው የምትበላውን ሰው እንድትጠላ አልፈለግኩም።»

ብርጭቆውን አዞረው። ማቆም ነበረብኝ፣ አላቆምኩም። «ግን አባባ ለምን አልወረዱም? ፍሬኑ እንደማይይዝ ታውቅ አልነበር?» አልኩት። እንዲህ ነኝ እኔ፤ ጥፋቴን ልናገር ሄጄ እንኳ ጠያቂው እኔ ነኝ።

«ተወኝ» አለ።

«ንገረኝ።»

«ከቁልቁለቱ አናት ላይ ቆሜ ይውረዱ አልኳቸው። ዛሬ ፍሬኑ ደስ አላለኝም፣ በእግር ይውረዱ አልኳቸው። ሳቁ። ‹ዘይቱን ያመጣው ወንድምህ አይደለም እንዴ? ንዳ!› አሉኝ።»

 የፋብሪካው ደወል ተደወለ፤ ሒሳብ ልክፈል አለ፣ አይሆንም አልኩት፤ ተሻምተን እሱ ከፈለ። በሩ ጋ ሲደርስ ዞሮ «እማዬ ጤናዋ እንዴት ነው? እግሯን ያማት ነበር» አለኝ።

ቡራዩ ስደርስ ገና ፀሐይ አልጠለቀችም። እማዬ ደጅ ሰፌድ ይዛ ምስር ትለቅማለች። አጠገቧ መሬት ላይ ቁጭ አልኩና ሁሉንም ነገርኳት፤ ሰማያዊውን ባልዲ፣ ግራጫውን፣ ያልከፈትኩትን ፎቶ፣ ያላነሳሁትን ስልክ፣ አርባው ላይ ጫማዬን ማየቴን፣ አባባ ያሉትን። ጣቶቿ ምስሩ ላይ ቆሙ። አልጮኸችም፣ አላለቀሰችም። 

«ዘይቱን አላወቅክም፤ ሰው ይሳሳታል» አለችኝ። «ዝም ስትል ግን አውቀህ ነው። በፋሲካ እንኳን አደረሰሽ ሊለኝ ሲደውል ተኝታለች አስባልከኝ።»

ተኝታለች ያስባለችኝ እሷ ራሷ ነበረች፤ ግን ይህን መናገር አልቻልኩም፤ እውነቷን ነው። ሰፌዱን አስቀመጠችና ወደ ቤት ገባች። በማግስቱ ጠዋት ልብሷን በነጠላ ቋጥራ፣ አጎዛውን በክንዷ ይዛ በሩ ላይ ቆማ አገኘኋት። «ልጄ ጋ ውሰደኝ» አለች። ታክሲ ውስጥ አጠገቤ ቦታ ነበር፤ አልፋኝ ከኋላ ተቀመጠች።

አሁን ዱከም ከወንድሜ ጋር በአንዲት ክፍል ቤት ትኖራለች። እግሯን ያማታል፣ ውኃ በሳምንት ሁለት ቀን ነው የሚመጣው፤ ግን ከእኔ ጋር ከነበረችበት ጊዜ ይልቅ ፊቷ ሞላ ብሏል። አጎዛውን ወንድሜ በሚቀመጥበት ወንበር ላይ አንጥፋዋለች። እኔ እሑድ እሑድ እሄዳለሁ። አታባርረኝም። ደህና ነህ ትለኛለች፣ ሥራ እንዴት ነው ትለኛለች፤ ጎረቤት መጥቶ እንደሚጠየቀው።

ባለፈው እሑድ ምሳ አቀረበች። ለእሷና ለወንድሜ አንድ ትሪ ዘረጋች። ለእኔ ለብቻዬ በሳህን አድርጋ፣ ሹካ ጨምራበት፣ ለእንግዳ እንደሚደረገው ፊቴ አስቀመጠችልኝ። በዕድሜዬ በእናቴ ቤት ለብቻዬ በሳህን በልቼ አላውቅም። ሹካውን ያዝኩ፤ መልሼ አስቀመጥኩት። ወንድሜ አየኝ፤ አርባው ላይ እንዳየኝ ያለ አስተያየት ነበር። በደህናው እጁ ሳህኔን አነሣና ትሪው ላይ ገለበጠው። «ቅረብ፣ ኦቦ» አለኝ።

ቀረብኩ። እጄን ወደ ትሪው ስሰድ እማዬ የእሷን ሰበሰበች። ሁለት ጉርሻ እንኳ አልበላችም ነበር።

«እኔ ጠግቤአለሁ፣ እናንተ ብሉ» አለችና ውኃ ልታመጣ ተነሣች።